ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው

[ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጠባብ ላውንደሪ ነው። በአንዱ ግድግዳ ኮትና ቀሚስ በመስቀያ ተደርድሯል፤ በመሐል የመተኮሻ ጠረጴዛ ቆሟል፤ ከጥጉ ደግሞ ከተገዛ ሦስት ሳምንት የሆነው ነጭ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ። የሱቁ ባለቤት ለሦስት ቀን ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ ቤቱን ለባሏና ለታናሽ ወንድሟ በአደራ ትታለች። ባልየው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት ከመጋዘን ብሎን ሲያስረክብ ስለኖረ ሠፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ ለቀልድ መሆኑን ያልሰማ እሱ ብቻ ነው። የሚስቱን ወንድም ደግሞ ከመርጋቱ የተነሣ «እርጎ» ይሉታል። እርጎ አሁን ከማሽኑ ፊት ተንበርክኮ ክቡን የመስታወት በር በጣቱ ያንኳኳል።]

ኢንጂነሩ፦ አታንኳኳ አልኩህ እኮ!

እርጎ፦ ቀስ ብዬ ነው ጋሼ።

ኢንጂነሩ፦ በቀስታም በኃይልም አታንኳኳ! ውስጥ ሰው አለ?

እርጎ፦ ሰውማ የለም። ማሊያ ነው ያለው።

ኢንጂነሩ፦ ታዲያ ማሊያው ተነሥቶ እንዲከፍትልህ ነው?

እርጎ፦ በር አልከፈት ካለ ያንኳኩታል እንጂ ምን ያደርጉታል?

ኢንጂነሩ፦ ያስቡበታላ! ጭንቅላት እኮ ፀጉር ማብቀያ ብቻ አይደለም።

እርጎ፦ እሺ፤ እርስዎ ያስቡ፣ እኔ ላንኳኳ።

ኢንጂነሩ፦ ተነሥ ከዚያ! ለመሆኑ ምን ብታደርገው ነው እንዲህ ጥርቅም ያለው?

እርጎ፦ እኔ? እርስዎ መች አጠገቡ አስደርሰውኝ ያውቃሉ! ማሊያውን ከነጭቃው አቀበልኩዎት፤ እርስዎ ከተቱት፣ እርስዎ ዘጉት፣ እርስዎ አስነሡት።

ኢንጂነሩ፦ ስታቀብለኝ ዓይንህ ማሽኑ ላይ ነበር። አንተ ያየኸው ዕቃ ደግሞ አይበረክትም።

[ኢንጂነሩ ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ ውስጥ ይመለከታል። አሥራ ስድስት ቢጫ ማሊያ እርስ በርሱ ተጠምጥሞ እንደ ተኛ ድመት ተኮማትሯል። የትምህርት ቤቱ የሴቶች ቡድን ማሊያ ነው፤ የቡድኑ በረኛ የገዛ ልጁ ናት፤ የፍጻሜው ግጥሚያም ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ትናንት ማታ «ምን ታስቢያለሽ፣ እኔ አባትሽ እያለሁ!» ያላት ትዝ ይለዋል።]

እርጎ፦ ጋሼ፣ መመሪያ የለውም እንዴ? እንዲህ ሲሆን እንዲህ አድርግ የሚል?

ኢንጂነሩ፦ መመሪያውማ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ብለውን ነበር።

እርጎ፦ በየትኛው ሳምንት?

ኢንጂነሩ፦ በሚቀጥለው አልኩህ!

እርጎ፦ እሱማ ይኸው እየቀጠለ ነው።

ኢንጂነሩ፦ ሲሸጡልህ ማር፣ ስትጠይቃቸው ሬት! ያን ቀን ሻጩ ወንበር ስቦልኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ከፍቶልኝ፣ «አባቴ፣ ከሸጥን በኋላ ነው ይበልጥ የምንወድዎት» አላለኝም? በል ስልኩን አቀብለኝ። ዛሬ ማን መሆኔን ያውቃሉ!

እርጎ፦ አያውቁም እንዴ? ሲገዙ ስምዎን ጽፈው የለ?

[ኢንጂነሩ ደውሎ ስልኩን የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ እርጎ ሰምቶ እንዲማርበት ነው።]

ስልኩ፦ ወደ ድርጅታችን ስለደወሉ እናመሰግናለን። ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው። ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ንግግርዎ ይቀዳል።

እርጎ፦ ምን ይደረጋል?

ኢንጂነሩ፦ ይቀዳል!

እርጎ፦ በምን? በጆግ ነው በባልዲ?

ኢንጂነሩ፦ በማሽን ነው የሚቀዳው!

እርጎ፦ በእነሱ ማሽን ከሆነ ተቆልፎበት መቅረቱ ነው።

ስልኩ፦ ለሽያጭ፣ አንድን ይጫኑ። ለጥገና፣ ሁለትን ይጫኑ። ለቅሬታ፣ ሦስትን ይጫኑ።

[እርጎ ጃኬቱን ከመስቀያ ያወርዳል።]

ኢንጂነሩ፦ የት ልትሄድ ነው?

እርጎ፦ ጋሪ ልጠራ ነዋ። አንዱን ጫኑት አለች እኮ። ደግነቱ ያለን አንድ ነው።

ኢንጂነሩ፦ «ጫኑት» መች አለች? «ይጫኑ» ነው ያለችው!

እርጎ፦ አክብራን ነዋ።

ኢንጂነሩ፦ ኧረ በስመ አብ! የሚጫነው ቁጥር ነው! ቁ-ጥ-ር!

እርጎ፦ ቁጥርማ ምን ይከብዳል፤ ለእሱ ጋሪ አያስፈልግም። [ጃኬቱን መልሶ ይሰቅላል።]

ኢንጂነሩ፦ አሁን እንግዲህ ተመልከትና ተማር። አንድን ነው የምጫነው።

እርጎ፦ አንድ ለሽያጭ ነው አላለችም?

ኢንጂነሩ፦ የዓለምን ነገር አታውቅም! ሊገዛ ለደወለ ሰው ስልኩ ሳይጠራ ይነሣል። ገብቼ ከውስጥ ነው የምይዛቸው።

[ቁጥሩን ገና ሲነካው አንድ ድምፅ ዘሎ ይወጣል። ማር የሚንጠባጠብበት የወጣት ድምፅ ነው።]

ሻጩ፦ ውድ ደንበኛችን! እንደምን ዋሉልን? ምን እንታዘዝ?

ኢንጂነሩ፦ [ለእርጎ በዓይኑ «አየህ?» ይለዋል] ልጄ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ከእናንተ ማሽን ገዝቼ ነበር።

ሻጩ፦ ገና ድምፅዎን ስሰማ ዐወቅኩዎት እኮ አባቴ! ሁለተኛውን ሊወስዱ ነው አይደል?

ኢንጂነሩ፦ የመጀመሪያው አስቸገረኝ እንጂ!

ሻጩ፦ ሥራ በዝቶበት ነዋ! ብቸኛ ማሽን ይጨነቃል። ለዚህ እኮ ነው ጓደኛ የሚያስፈልገው።

እርጎ፦ እውነቱን ነው ጋሼ። ሰውም እኮ ብቻውን ሲሆን ይደብረዋል።

ኢንጂነሩ፦ አንተ ዝም በል! ስማኝ ልጄ፣ እኔ የምገዛው ነገር የለም፤ ቅሬታ ነው ያለኝ።

ሻጩ፦ [ማሩ ባንድ ጊዜ ደረቀ] ቅሬታ? እሱ እንኳ እኛን አይመለከትም።

ኢንጂነሩ፦ አንተው አይደለህ የሸጥክልኝ?

ሻጩ፦ እኔ የማውቀው እስከ በሩ ድረስ ነው። ከበሩ ከወጣ በኋላ የሌላ ክፍል ነው። ላገናኝዎት፤ መልካም ቀን!

[ሙዚቃ ይጀምራል። ዋሽንት የሚመስል፣ ሦስት ጊዜ እየዞረ አንድ ቦታ ላይ የሚንተባተብ ሙዚቃ ነው።]

ስልኩ፦ ከፊትዎ አሥራ አራት ደንበኞች አሉ። እባክዎን በትዕግሥት ይጠብቁ።

[እርጎ ወደ ሱቁ በር ይሄድና አንገቱን አስግጎ ግራ ቀኙን አይቶ ይመለሳል።]

እርጎ፦ ማንም የለም ጋሼ። አንዲት ድመት ብቻ ናት ያለችው፤ እሷም የተሰለፈች አትመስልም።

ኢንጂነሩ፦ ወረፋው በስልኩ ውስጥ ነው!

እርጎ፦ አሥራ አራት ሰው? በዚህች ስልክ?

ኢንጂነሩ፦ ዝም ብለህ የጎረቤታችንን ሱሪ ተኩስ!

[እርጎ በሙዚቃው ልክ ካውያውን ወዲያና ወዲህ እየገፋ መተኮስ ይጀምራል። ኢንጂነሩ በጠረጴዛውና በማሽኑ መሐል ይንጎራደዳል። ባለፈ ቁጥር የማሽኑን በር ሳብ ያደርገዋል፤ በሩ ንቅንቅ አይልም።]

ስልኩ፦ ከፊትዎ አሥራ ሦስት ደንበኞች አሉ።

እርጎ፦ እሰይ! አንዱ ተስተናገደ።

ኢንጂነሩ፦ ተስተናገደ ወይስ ተስፋ ቆረጠ?

እርጎ፦ ምስኪን። እሱም እንደኛ ማሊያ ይኖረው ይሆናል።

[ሙዚቃው እየዞረ፣ ቁጥሩም እየቀነሰ ብዙ ደቂቃ ያልፋል። የእርጎ ኪስ ይጮኻል። ስልኩን ሲያወጣ ስሙን አይተው ሁለቱም ይደነግጣሉ። በረኛዋ ናት።]

እርጎ፦ ሃሎ፣ የእኔ ቆንጆ።

ልጅቷ፦ አጎቴ፣ የአባዬ ስልክ ለምን አይነሣም? ማሊያው ደረሰ?

ኢንጂነሩ፦ [ስልኩን ነጥቆ] ደርሷል የእኔ ዓለም! እየተተኮሰ ነው!

እርጎ፦ እኔ የምተኩሰው የጎረቤታችንን ሱሪ ነው።

ልጅቷ፦ አጎቴ ምን አለ?

ኢንጂነሩ፦ ሱ... ሱሪም ቢኖር እተኩስላችኋለሁ ነው የሚለው።

ልጅቷ፦ እኛ ቁምጣ ነው የምንለብሰው አባዬ! ስማኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መኪናችን በሱቁ በኩል ያልፋል። ዳኛዋ ያለ ማሊያ አንዲትም ልጅ አላሰልፍም ብላለች። አሠልጣኛችን «አባትሽ ያስረክባሉ?» ስትለኝ «አባቴማ ካለ አለ ነው» ብያታለሁ። በል ቻው!

[ይዘጋል። ኢንጂነሩ «ካለ አለ ነው» እያለ ለራሱ ይደግማል። የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብሎ ያያል፤ ዘጠኝ ሊሆን አሥር ጉዳይ ነው።]

እርጎ፦ ለምን እውነቱን አልነገሯትም?

ኢንጂነሩ፦ ምን ብዬ? አባትሽ ከማሽን ጋር ተጣልቷል ልበላት?

ስልኩ፦ ከፊትዎ አንድ ደንበኛ አለ።

እርጎ፦ ደረስን እኮ!

ስልኩ፦ ከፊትዎ አንድ ደንበኛ አለ።

[ሙዚቃው አራት ጊዜ ይዞራል።]

ስልኩ፦ ከፊትዎ አንድ ደንበኛ አለ።

እርጎ፦ ይሄኛው እዚያ ዘመድ ሳይኖረው አይቀርም። ሻይ ብለውታል።

[ሙዚቃው ድንገት ይቆማል።]

ሠራተኛዋ፦ ቅሬታ ክፍል ነው። በምን እንርዳዎት?

ኢንጂነሩ፦ [ኮቱን አስተካክሎ፣ ደረቱን ነፍቶ] በምን እንርዳዎት? አሁን ገና ነው በምን እንርዳዎት የምትይኝ? ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ዋሽንት ስታስነፉብኝ ቆይታችሁ?

ሠራተኛዋ፦ ስለቆዩ ይቅርታ እንጠይቃለን። ችግሩ ምንድን ነው?

ኢንጂነሩ፦ ችግሩማ እናንተ ናችሁ! ችግሩ ደንበኛን አለማክበር ነው! ችግሩ «ከሸጥን በኋላ ነው ይበልጥ የምንወድዎት» የሚለው ምላስ ነው!

ሠራተኛዋ፦ የማሽኑን ችግር ማለቴ ነው ጌታዬ።

ኢንጂነሩ፦ እደርስበታለሁ! ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። መጀመሪያ ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ ዕወቂ። እኔ እንዲህ ያለውን ማሽን ዓይኔን ጨፍኜ ፈትቼ የምገጥም ሰው ነኝ።

እርጎ፦ [በሹክሹክታ] መቼ ጋሼ?

ኢንጂነሩ፦ ዝም በል!

ሠራተኛዋ፦ እኔን ነው ዝም በል ያሉኝ?

ኢንጂነሩ፦ አንቺን አይደለም፤ እዚህ አንድ ሰውዬ አለ።

ሠራተኛዋ፦ እሺ። መዝገብ ለመክፈት የማሽኑን መለያ ቁጥር ይንገሩኝ።

ኢንጂነሩ፦ የት ነው የተጻፈው?

ሠራተኛዋ፦ ከጀርባው፣ ከታች በኩል።

[ማሽኑ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። ሁለቱ ይዘው አንድ ክንድ ያህል ይጎትቱታል። ኢንጂነሩ «ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው» ብሎ እርጎን ገፍቶ ወደ ክፍተቱ በጎን ይገባል። ሆዱን ውጦ ነበር የገባው፤ አንድ ጊዜ ሲተነፍስ ግን ሆዱ ወደ ቦታው ተመለሰና እዚያው ተሸጎረ።]

እርጎ፦ ደህና ነዎት ጋሼ?

ኢንጂነሩ፦ ደህና ነኝ! ጻፍ፤ ሰባት... ዜሮ... ዜሮ... ነጥብ...

እርጎ፦ [ወደ ስልኩ] ሰባት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ነጥብ።

ሠራተኛዋ፦ መለያ ቁጥር ላይ ነጥብ የለም።

እርጎ፦ ነጥብ የለም ትላለች ጋሼ።

ኢንጂነሩ፦ እኔ እያየኋት የለም ትለኛለች! ይቺውልህ፣ ጥቁር ነጥብ... ቆይ... ዝንብ ናት። በረረች።

እርጎ፦ [ወደ ስልኩ] ነጥቧ በረረች።

ሠራተኛዋ፦ ይቀጥሉ።

ኢንጂነሩ፦ አራት፣ አራት፣ ዘጠኝ! አበቃ!

እርጎ፦ አራት፣ አራት፣ ዘጠኝ፣ አበቃ።

[የመጻፊያ ሰሌዳ ሲንኳኳ ይሰማል፤ ቀጥሎ ረጅም ትንፋሽ።]

ሠራተኛዋ፦ ይቅርታ፣ ሲስተሙ ሄደብን።

እርጎ፦ ወዴት ሄደ?

ሠራተኛዋ፦ እኛም አናውቅም።

እርጎ፦ ሲሄድ አይነግራችሁም?

ሠራተኛዋ፦ ነግሮን አያውቅም።

እርጎ፦ እንግዲህ እግዜር በሰላም ይመልሰው።

ሠራተኛዋ፦ አሜን... መጣ! መጣ። እሺ፣ ቅሬታዎ ተመዝግቧል። ባለሙያችን በአሥራ አምስት የሥራ ቀን ውስጥ ይደርስልዎታል።

[ከማሽኑ ጀርባ የታፈነ ጩኸት ይሰማል። የኢንጂነሩ አገጭ በማሽኑ አናት ላይ ብቅ ይላል፤ ከዚያ በታች ያለው ሰውነቱ አይታይም።]

ኢንጂነሩ፦ አሥራ አምስት ቀን! ኳሱ እኮ አሥር ሰዓት ላይ ነው!

ሠራተኛዋ፦ የቱ ኳስ?

ኢንጂነሩ፦ ኳሱ ነዋ! ሁሉ ነገር ማሽኑ ውስጥ ነው ያለው!

ሠራተኛዋ፦ ኳስ ማሽኑ ውስጥ ከትተዋል?

ኢንጂነሩ፦ ማን ኳስ ከተተ!

ሠራተኛዋ፦ ጌታዬ፣ ማሽኑ ለልብስ ነው የተሠራው። ኳስ ማጠብ ዋስትናውን ያፈርሳል።

ኢንጂነሩ፦ እኔ ኳስ አላጠብኩም!

ሠራተኛዋ፦ [እየጻፈች] «ደንበኛው... ኳስ... ማጠባቸውን... ካዱ።»

ኢንጂነሩ፦ አጥፊው! አሁኑኑ አጥፊው! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ኳስ የማጥብ ሰው እመስላለሁ? አለቃሽን አቅርቢልኝ! የአለቃሽን አለቃ አቅርቢልኝ! እኔ እኮ... እኔ... ኽ... ኽኽ...

[ድምፁ እንደ ተቀደደ ከበሮ «ፍፍፍ» ብሎ ይቀራል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣው አየር ብቻ ነው። በዓይኑ እርጎን ይለምናል፤ ሰዓቱ ዘጠኝ ከሃያ አምስት ብሏል። እርጎ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ስልኩን ያነሣል።]

እርጎ፦ ሃሎ እህቴ፣ እንደምን ዋልሽ?

[በስልኩ ውስጥ የመጻፊያ ሰሌዳው መንኳኳት ያቆማል።]

ሠራተኛዋ፦ ... ደኅና። እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?

እርጎ፦ እኔ ደኅና ነኝ። ድካም እንዴት ነው? ሲጮሁብሽ ነው የምትውይው አይደል?

ሠራተኛዋ፦ ኧረ ተዉት ወንድሜ። ከጠዋት ጀምሮ እንደምን ዋልሽ ያለኝ ሰው የለም። እርስዎ ማን ነዎት?

እርጎ፦ እዚህ ያለው ሰውዬ። እህቴ፣ በሩ አልከፈት ብሎን ነው።

ሠራተኛዋ፦ የቱ በር?

እርጎ፦ የማሽኑ። አጥቦ ጨርሷል፤ ውኃውንም ጨምቆ አውጥቷል፤ በሩ ግን እምቢ አለ። ውስጡ የሴቶቹ ልጆች ማሊያ አለ፤ አሁን ሊጫወቱበት ነው።

ሠራተኛዋ፦ በሩ ነው እንዴ?! ታዲያ ይህን እስካሁን ለምን አልነገራችሁኝም?

[እርጎ ቀስ ብሎ ዞሮ በማሽኑ አናት ላይ ያለውን አገጭ ያያል።]

እርጎ፦ ጋሼ፣ በሩ እንደተቆለፈ አልነገሯትም እንዴ?

[ኢንጂነሩ አፉን ይከፍታል። የዋሽንቱን ነግሯታል። የሻጩን ምላስ ነግሯታል። የራሱን ሙያ ነግሯታል። ዓይኑን ወደ ጣሪያው ያነሣል።]

እርጎ፦ እህቴ፣ ወደዚያ እየሄዱ ነበር፤ ሳይደርሱ ነው ድምፃቸው ያለቀው።

ሠራተኛዋ፦ በሉ ቀላል ነው። ማሽኑ ፊት ላይ ቁልፍ የተሳለባት ቁልፍ አለች።

እርጎ፦ ቁልፍ ላይ ቁልፍ?

ሠራተኛዋ፦ የምትጫን ቁልፍ፤ የበር ቁልፍ ሥዕል ያለባት ቁልፍ።

እርጎ፦ [ሸሚዙን ከላይ እስከ ታች እየዳበሰ] የእኔ ቁልፎች ሥዕል የላቸውም። አንዷማ ጭራሽ የለችም።

ሠራተኛዋ፦ የሸሚዝ አይደለም ወንድሜ! የማሽኑ!

እርጎ፦ አሃ! አገኘኋት፤ ሰማያዊ መብራት በርቶባታል።

ሠራተኛዋ፦ እሷን ተጭነው ይያዟት። ሦስት ሰከንድ።

እርጎ፦ አንድ... [ይቆማል] ቀስ ብዬ ነው ወይስ ቶሎ ቶሎ የምቆጥረው?

ሠራተኛዋ፦ ዝም ብለው እንደ ሰው!

እርጎ፦ ሁለት... ሦስት።

[ጢጥ! ቀጭ! ክቡ በር ማንም ሳይስበው ገርበብ ይላል። ቢጫ እጅጌ ወደ ውጭ ይንጠለጠላል። በዚያው ቅጽበት ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይነፋል፤ ልጅቷ የበረኛ ጓንቷን እንዳደረገች ዘላ ትገባለች።]

ልጅቷ፦ አባዬ! አባዬስ?

እርጎ፦ እዚያ ናቸው።

ልጅቷ፦ አባዬ! እዚያ ምን ልታደርግ ገባህ?

ኢንጂነሩ፦ [እንደ ዛገ ማጠፊያ በሚጮህ ድምፅ] ጀርባውን... እየመረመርኩ ነው።

[ልጅቷና እርጎ ማሊያውን በሁለት እጅ እያፈሱ ከረጢት ይሞላሉ። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። አንዱም አልጎደለም።]

እርጎ፦ ትንሽ እርጥብ ነው የእኔ ቆንጆ። አልተኮስነውም።

ልጅቷ፦ ሮጠን እናደርቀዋለን አጎቴ! [በማሽኑ ላይ ተንጠራርታ የአባቷን ግንባር ትስማለች] ግብ ከገባብኝ ማሊያው ከብዶኝ ነው ብዬ በአንተ ነው የማመካኘው!

[ትወጣለች። የመኪናው በር ይዘጋል፤ የልጆች ጩኸትና ዘፈን እየራቀ ይሄዳል። ኢንጂነሩ ግንባሩ ላይ ያለችውን እርጥብ ነገር ሊጠርግ እጁን ሊያነሣ ይሞክራል፤ እጁ ግን ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። ይተወዋል። ፈገግ ይላል፤ ደስታው ከሐፍረቱ ቀድሞ ነው የመጣው።]

ሠራተኛዋ፦ ሃሎ? ተከፈተ?

እርጎ፦ ተከፈተ እህቴ! እግዜር ይስጥሽ። ልጆቹም ወስደውት ሄዱ።

ሠራተኛዋ፦ ደስ ሲል! በሉ መዝገቡን እንድዘጋው አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅዎት። ያቺ ቁልፍ በራሷ አትቆልፍም። ሕፃናት ማሽኑን እንዳይከፍቱት ነው የተሠራችው፤ ለመቆለፍም ሰው ተጭኖ ሦስት ሰከንድ መያዝ አለበት። እዚያ ቤት ቁልፍ የሚነካካ ሕፃን አለ?

እርጎ፦ ኧረ ሕፃን የለም። እኔና ጋሼ ብቻ ነን።

[ከማሽኑ ጀርባ ሳል ይሰማል። ጉሮሮ የሚጠርግ ሳል አይደለም።]

ኢንጂነሩ፦ ስማ... እዚያ ስልክ ላይ... አትናገር እንጂ...

እርጎ፦ አቤት ጋሼ?

ኢንጂነሩ፦ ጠዋት... ማሊያውን ከከተትኩ በኋላ... ምን እንደምትሠራ ልይ ብዬ ጫን አደረግኳት።

እርጎ፦ እሺ?

ኢንጂነሩ፦ በራች።

እርጎ፦ ከዚያስ?

ኢንጂነሩ፦ ሰማያዊ መብራት ነው... ደስ አለኝ... ይዣት ቆየሁ።

[እርጎ ጥቂት ያስባል። አይቸኩልም። ከዚያ ስልኩን ወደ አፉ ያስጠጋል።]

እርጎ፦ እህቴ፣ ይቅርታ፤ ተሳስቼ ነው። ሕፃን አለን።

ሠራተኛዋ፦ ስንት ዓመቱ ነው?

እርጎ፦ በመጪው ወር ሃምሳ አራት ይሞላዋል።